ቋጠሮ የሌለው ባንዲራ

ሰኞ፣ መስከረም 20። ጠዋት 1፡20

የሠራተኛው ባቡር አራት ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። በአባባ ጽሕፈት። ሰባቷን ወገቧ ላይ ሰረዝ፣ ፊርማውን ወደ ቀኝ ዘንበል። የፋብሪካው ሰው ወርዶ ሃዲዱን እየተሻገረ ነው። እንደምን አደሩ ሼፍ፣ ይላቸዋል ሁሉም አባባን፤ ሼፍ የጣቢያ ኃላፊ ነው። አባባ በድምፅ እየለዩ በየስሙ ይመልሳሉ። ኮፍያቸው ቀጥ ብሏል። ካፖርታቸው ተቆልፏል፤ እኔ ነኝ የቆለፍኩት።

ሰው ተሻግሮ እስኪያልቅ ከዱከም የሚመጣው የጭነት ባቡር ከወንዙ ድልድይ ወዲያ ይቆማል። የሚያቆመው የአባባ ቀይ ባንዲራ ነው። ዛሬም ቆመ። ከዚያ አረንጓዴ። አለፈ። ጻፍኩ። ማስታወሻ በሚለው ዐምድ ሥር፦ በሰላም።

እፎይ። እስከ ሦስት ሰዓት ባቡር የለም። እንጀራዬን እዚሁ ስልኩ ሥር እበላለሁ። ገበያ ከሄድኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ሰኞ፣ ማታ

ደብተሬ፣ አንቺም የጣቢያው ልጅ ነሽ። የድሮ መዝገብ ነበርሽ፤ ሳይጻፍብሽ ሞዴሉ ተቀየረና ዕቃ ቤት ተጣልሽ። ዐምዶችሽ ፈረንሳይኛ ናቸው። አልከተላቸውም። የጣቢያውን መዝገብ ቀኑን ሙሉ በሰው እጅ እጽፋለሁ፣ አንቺን ግን በራሴ።

ለሌላ የማልነግረውን ልንገርሽ። አባባ አያዩም። ሞራ ነው፣ በሁለቱም ዓይን። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ሰው መምጣቱን እንጂ ማን መሆኑን አያውቁም። ቀይና አረንጓዴ አንድ ሆኗል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ኩባንያው ካወቀ ሥራው ሄደ፤ ከሥራው ጋር ይህ ቤት፣ ምክንያቱም ቤቱ የጣቢያው ነው። እናቴ የሞተችው እዚህ ነው፣ እኔም የተወለድኩት።

ዐምና ክረምት፣ ቀዩ ባንዲራ እንጨት ላይ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ፣ በወፍራም ክር ቋጠሮ ሰፋሁ። ምንም አላልኩም። በማግስቱ አባባ ጣታቸውን ሲያሳርፉበት አየሁ። እሳቸውም ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲህ ቋጠሮ ካለው ቀይ፣ ከሌለው አረንጓዴ። አንድ ቀን እንኳ አውርተነው አናውቅም። ስለ ዓይናቸውም ቢሆን "ዛሬ ጭጋግ ነው" ይላሉ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመው። እኔም፣ አዎ አባባ፣ ጭጋግ ነው፣ እላለሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 22

ደብዳቤ መጣልኝ። ከሐረር፣ ከመምህራን ማሠልጠኛው። ዐምና የተፈተንኩት ፈተና! ረስቼው ነበር። አልረሳሁትም፣ ውሸቴን ነው። አልፈሻል ይላል። እስከ ኅዳር 3 ቀርበሽ ካልተመዘገብሽ ቦታሽ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ከፍራሽ ሥር ከተትኩት።

አባባ ከማን ነው አሉኝ፤ የወረቀቷን ድምፅ ሰምተው። ከዋናው መ/ቤት፣ የሰዓት ለውጥ፣ አልኳቸው። ለሳቸው ስዋሽ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ጭጋጉ ካልቆጠርን።

ዓርብ፣ መስከረም 24

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዛሬ እውነተኛው የመ/ቤት ደብዳቤ መጣ። አቶ ተካልኝ፣ የአቃቂ ጣ/ኃላፊ፣ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የዓይን ምርመራ፣ ጥቅምት 12፣ ለገሀር፣ ከሐኪሙ ዘንድ።

ሳነብላቸው እንባዬ መጣ። አባባ ሻይውን አስቀመጡ። ሲያስቀምጡ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነበር፣ ያዝኩት።

ጋሽ ቶላን ጠራሁ። ሃዲድ የሚያዛውሩት እሳቸው ናቸው፤ የአባባን ነገር የሚያውቁ ሌላው ሰው እሳቸው ብቻ። ሳቁብኝ። ለዚህ ነው የምታለቅሽው ኢንተላ ኮ፣ አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው በኦሮምኛ። የሐኪሙ ሰሌዳ እኮ ከእንፋሎቱ ባቡር ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም፣ ሰባት መስመር ነው፣ ከለገሀር እስከ ድሬዳዋ የማያውቀው የባቡር ሰው የለም አሉ። ቁጭ አሉና ከላይ እስከ ታች አወረዱት። ፊደል ያልቆጠሩ ሰውዬ! የፈረንሳይ ፊደል እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወርዳል። ነጂው ለረዳቱ፣ ረዳቱ ለዘበኛው፣ ሲተላለፍ የኖረ ነው። መነጽር የሚያስፈልገው ግማሹ ሠራተኛ በዚህ ነው የሚያልፈው።

ባቡር የምንሳፈር ሰዎች ይህን ብናውቅ በእግራችን እንሄድ ነበር።

አባባ ግን አንዱንም አያውቁትም። ዓይናቸው ደህና ሳለ ሲያጭበረብሩ ኖረው ቢሆን ዛሬ ይቀልላቸው ነበር።

ሰኞ፣ መስከረም 27

ትምህርት ጀመርን። ጋሽ ቶላ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ፣ ለአባባ አስጠናለሁ። በባቡርና በባቡር መካከል። አንደኛው መስመር አንድ ፊደል ብቻ ናት። ሁለተኛው ሁለት። ከዚያ ይበዛሉ፣ ያንሳሉ በመጠን።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግማሉ። ጎበዝ ተማሪ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ጥሩ አስተማሪ። አፌን ሞልቼ የምለው ይህ ነው፦ ጥሩ አስተማሪ ነኝ። አስቂኝ ነው። አልሳቅኩም።

ሲደክማቸው ወሬ ያመጣሉ። ጎረምሳ ሳሉ ከአቃቂ ወንዝ ውኃ እየቀዱ ለባቡሩ ታንከር ሲሞሉ፣ የውኃ መሳቢያው ሞተር በተበላሸ ቁጥር። ፈረንሳዩ ሼፍ ቁጥር ሲያስተምራቸው፣ የጣቢያውን ግድግዳ በከሰል እየጻፉበት። በጣልያን ጊዜ የጣቢያው ስም በሌላ ቀለም ተቀባ፣ ጣልያን ሲወጣ በበነጋው አባባ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ፋቁት። ከዚያ የናፍጣው ባቡር መጣ፣ ታንከሩ ዝጎ ቀረ፣ እርግብ ገባበት። ሃዲዱ የጋሽ ቶላን አባት ማሳ ለሁለት ከፍሎ እንዳለፈ ጋሽ ቶላ በየጊዜው ያነሡታል። መሬታችንን ወሰደና እኔን ጠባቂው አደረገኝ፣ ይላሉ።

እኔንስ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5። አቦ

አባባ ሳሪስ አቦ ጠበል ልጠመቅ አሉ። በሠራተኛው ባቡርና በሦስት ሰዓቱ መካከል አይደረስም፣ ስለዚህ ጋሽ ቶላ ወሰዷቸው፣ እኔ ጣቢያውን ያዝኩ። ኮፍያቸውን አድርጌ። የሦስት ሰዓቱ ነጂ ከሩቅ እጁን አነሣልኝ፣ ሼፍ መስሎት።

ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው እርጥብ ነው። አየሽ፣ ዛሬ ጠርቶልኛል፣ አሉኝ። የቆምኩት ከጀርባቸው ነበር።

ደብተሬ፣ አቦ ይቅር ይበሉኝ። ጠዋት ከጣቢያው ወደ አቦ ዞሬ በሩቅ የለመንኩት እንዲድኑ አልነበረም። ምርመራውን እንዲወድቁ ነው። ቢወድቁ ነገሩ ከእጄ ይወጣል፣ እኔ አልገፋኋቸውም፣ እኔም እሄዳለሁ። ይህን ለምኜ ሰባተኛውን መስመር አስጠናኋቸው። ከራስ በላይ ነፋስ የሚሉት ይህን ይሆን? አላውቅም። ብቻ ራሴን ጠላሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ከሰዓት በኋላ

አለፉ።

ጣቢያውን ለጋሽ ቶላ ትተን ለገሀር ሄድን፤ ከሐኪሙ በር ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሁሉን ሰማሁ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። በቀጭን ብትር ሰሌዳውን ነካ ያደርጋል፣ ቀጭ ይላል፣ አባባ ይመልሳሉ። ቀጭ፣ መልስ። ቀጭ፣ መልስ። በአራተኛው መስመር ላይ አባባ ጋለቡ፤ ሐኪሙ ሳይነካ ሦስት ፊደል ቀደሙት። ነፍሴ ወጣች። ብትሩን አወረደ። ከዚያ ሳቀና፣ ሙሴ ተካልኝ፣ አቶ ማለቱ ነው፣ ከኔ የተሻለ ዓይን አለዎት፣ አላቸው። ማኅተም ሲያሳርፍ ጠረጴዛው ጮኸ።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ። እኔ ነኝ። ጥሩ አድርጌ አስተማርኩና ሁለት ዓመት በራሴ ላይ ቆለፍኩ።

ስንመለስ አባባ በባቡሩ መስኮት ፊታቸውን ለነፋስ ሰጥተው እየሳቁ ነበር፣ እንደ ልጅ። ቃሊቲን ስናልፍ እጄን ያዙና፣ አንቺ ባትኖሪ አሉ፣ አልጨረሱትም። እኔ ግን ጨረስኩት በልቤ። ባልኖር ምን? ባልኖር ይሄኔ ሐረር ነኝ። ወዲያው ደግሞ እጃቸውን አየሁት፣ አርጅቷል፣ ሳምኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ባቡሮቹን ቆጠርኩ። በቀን ስድስት። ከስድስቱ ሁለቱ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳሉ፣ ሐረር የሚሄድ ሁሉ በነዚያ ነው የሚሳፈረው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ መንገዴ ከመስኮቴ ሥር መጥቶ ይቆማል፣ ሦስት ደቂቃ ይጠብቀኛል፣ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የሄደበትን ሰዓት እጽፋለሁ።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ማታ

ከመ/ቤት ጥቅል መጣ። ምርመራውን በሚገባ ላለፉት፣ ይላል ወረቀቱ። አዲስ ኮፍያ። አዲስ ባንዲራዎች፣ ቀይና አረንጓዴ፣ እንጨታቸው ልሙጥ። አሮጌዎቹን አዲሶቹ በመጡበት ባቡር መመለስ ደንብ ነው። አባባ እኔ ቡና ቤት ወተት ላመጣ በወጣሁበት አስረክበው ጠበቁኝ። ከነቋጠሮው ሄደ።

አዲሱን እንጨት ሲዳብሱት አየሁ። አውራ ጣታቸው ወጣ፣ ወረደ። ፈለገ። አጣ። ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ፣ ወደ እኔ ማለቴ ትንሽ ከኔ ወደ ግራ። ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ቃል ቢሉ! ዛሬ ጭጋጉ ከብዷል ልጄ፣ ሲመሽ መብራት አብሪ፣ አሉ።

አላበራሁም። ክር አለኝ፣ መርፌም አለኝ። እጄ እምቢ አለ። እስከ መቼ ሳይጠየቅ የሚሰፋ? ነገ ጠዋት እሰፋዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22። ጠዋት 4 ሰዓት

ጽሕፈቴ የማንም አይመስልም።

ጠዋት አልሰፋሁም። ክፍሌ ተቀምጬ ለሐረር ደብዳቤ እጽፍ ነበር፦ በቤተሰብ ችግር ምክንያት መቅረብ ስለማልችል። እያለቀስኩ ነበር። ስልኩ ሲጮህ አባባ ራሳቸው አነሡ። ወጡ። እኔ አልወጣሁም። አኩርፌ ነበር ደብተሬ፣ እንደ ሕፃን።

ሠራተኛው ወርዶ ሃዲዱን ሞልቶታል። ጭነቱ ከዱከም በኩል ድልድዩ ላይ ደረሰ። አባባ፣ እንደገባኝ፣ ከብብታቸው የመጀመሪያውን እንጨት ዳሰሱ፣ ቋጠሮ የለውም። አረንጓዴው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ቀዩ ያኛው ነው፣ ብለው ሁለተኛውን አነሡ። ሁለተኛው አረንጓዴው ነበር። ሌሊት ሰፍታዋለች ብለው አምነዋል። ዐምና ሳይጠይቁ ሰፍቼው የለ!

ነጂው አረንጓዴ አየ። መጣ።

የሰማሁት የጋሽ ቶላን ጩኸት ነው። ስወጣ ሰው ወደ ሁለቱም ወገን እየዘለለ። አንዲት የፋብሪካ ሴት ቀይ ሻሿን ከራሷ ገፍፋ በሃዲዱ መካከል ወደ ባቡሩ ሮጠች፣ እያውለበለበች። ወደ ባቡሩ! ብረቱ ሲፋጭ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጥርሴ ውስጥ አለ። ከሴትዮዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመ።

ማንም አልሞተም። የሴትዮዋ የምሳ ዕቃ ብቻ፣ ከእጇ ወደ ፊት ተወርውሮ፣ ተጨፍልቆ እንደ ሳንቲም ሆኗል።

አባባ ባንዲራውን እንዳነሡ ቆመዋል። ሁሉም ሲጮህ ምን እንደተፈጠረ አያውቁም። ምንድን ነው፣ ምንድን ነው፣ ይላሉ። እጃቸውን ይዤ አወረድኩት።

እዚያው ቀን፣ 9 ሰዓት

ነጂው ደግ ሰው ነው፣ አባባን ድሮ ያውቃቸዋል። ሁለቱም ባንዲራ አዲስ ነው፣ እጅ ይሳሳታል፣ ሰው አልተጎዳም፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ብሎ ሄደ። ያቺም ሴት ለሼፍ ውኃ ስጧቸው ብላ ሥራዋ ገባች። ስሟን አልጠየቅኋትም።

አባባ መዝገቡን ክፈቺ አሉኝ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ማስታወሻ ዐምድ ላይ ስደርስ፣ በሰላም በዪ፣ አሉ።

ብዕሩን አነሣሁ። አስቀመጥኩት። ዐምዱ ባዶ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ባዶው ዐምድ ቀኑን ሙሉ ያየኛል። ገጹ ካልሞላ ለዋናው መ/ቤት አይላክም፤ ሰኞ መሄድ አለበት።

በምሳ ሰዓት ዕቃ ቤት ገባሁ። የቆዩትን መዝገቦች አወረድኩ፣ አቧራ፣ የእርግብ ኩስ። ለምን እንደሆነ እንጃ። የአባባን እጅ ድሮ እንዴት እንደነበር ላይ መሰለኝ። ፈረንሳዩ ሼፍ ከጻፈበት ቀጥሎ የአባባ ይጀምራል። ቀጥ ያለ፣ ወጣት ጽሕፈት። እኔ የምቀዳው ያረጀውን ነው ለካ። ገጽ ስገልጥ አንድ ማስታወሻ ዐምድ ከመስመሩ ወጥቶ እስከ ኅዳጉ ተጽፎበታል፦

"ዛሬ ጠዋት ለዱከም ሳልደውል የጭነቱን ባቡር ለቀቅኩ። ሰው አልተጎዳም። አንድ በሬ ሞቷል። ያየኝ የለም። ጥፋቱ የኔ የተካልኝ ነው።"

ያየኝ የለም ብለው ጽፈው ፈርመዋል።

ጋሽ ቶላን ጠየቅኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሬው የአባቴ ነበር፣ አሉ። በዚህች በጻፏት መስመር የኩባንያው ሰዎች አባትሽን ከሥራቸው አውርደው አንድ ክረምት ድንጋይ አስፈለጧቸው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ምሳ ይዘው ሄዱላቸው። ወዳጅነታችን ከዚያ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አነበብኩላቸው። የራሳቸውን መስመር። እስከ "ተካልኝ ነው" ድረስ።

ብርሃን ወደሚታያቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የዱሮውን ወረቀት ማን አውርጂ አለሽ፣ አሉ በመጨረሻ። ቁጣ ነው። ከሳቸው ብዙ ዓመት ያልሰማሁት ቁጣ። ቤቱ ይሄዳል፣ አሉ፣ የት ልትወድቂ ነው፣ ለኔ መሰለሽ ወይ።

ያን ጊዜ እኔም ገነፈልኩ። የሐረሩን ደብዳቤ ከፍራሽ ሥር አምጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ኅዳር 3 አልኳቸው። ባንዲራውንም ነገርኳቸው፦ ቋጠሮውን እኔ ነበርኩ የምሰፋው፣ ሐሙስ ማታ አውቄ ነው ያልሰፋሁት። ዓርብ ሰው ቢሞት ኖሮ በኔም እጅ ነበር።

ወረቀቱን ዳበሱት። አጠፉት፣ ዘረጉት። ምሳ ሳይበሉ ተኙ። ጋሽ ቶላ ሲመሽ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቢዬ ውስጥ ባዶ ክፍል አለ፣ ለእሳቸው ይበቃል፣ ብለው ብቻ ሄዱ። አባባ እንደሰሙ አውቃለሁ። የተኛ ሰው እንዲያ አይተነፍስም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25። ጠዋት 12፡30

አባባ ከኔ ቀድመው ተነሥተዋል። ካፖርታቸውን ራሳቸው ቆልፈዋል፣ አንድ ቁልፍ ዘለው። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። መዝገቡ ተከፍቷል፣ የተሳሳተ ገጽ ላይ።

ጻፊ፣ አሉኝ። በኔ እጅ አይደለም፣ በራስሽ።

ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ "የጣቢያው ኃላፊ ዓይን አያይም። ከዐምና ጀምሮ ይህን መዝገብ የምጽፈው እኔ ልጃቸው እታፈራሁ ነኝ። ዓርብ ለጭነቱ ባቡር አረንጓዴ የታየው በስሕተት ነው። አንዲት ሠራተኛ በሻሿ ባታቆመው ሰው ያልቅ ነበር። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።"

አነበብኩላቸው። የሁለታችን የሚለውን ሰርዢ አሉ። አልሰርዝም አልኩ። ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አኖርኩ፣ ፈረሙ። ፊርማው ከመስመሩ ወርዷል፣ ግን የእውነት የሳቸው ነው። ገጹን ቆረጥኩት።

1፡18

የሠራተኛው ባቡር በሰዓቱ ገባ። ሰው ተሻገረ። ገጹን ለባቡሩ ተቆጣጣሪ ሰጠሁ፣ የሐረሩንም መልስ፣ እመጣለሁ የሚለውን። ከዚህ በኋላ ማንም አይመልሰውም፣ እኔም ብጸጸት።

ባቡሩ ወደ ለገሀር ሊመለስ ጮኸ። አባባ ሁለቱን እንጨት ከብብታቸው አውጥተው ያዙ። አልዳሰሱም። ወደ እኔ ዞሩ፣ ትንሽ ወደ ግራ።

አረንጓዴው የትኛው ነው ልጄ፣ አሉኝ።

እጃቸው ላይ አኖርኩት። አነሡት። ባቡሩ ሄደ። ሰዓቱን ልጽፍ ገባሁ፣ እሳቸው ገና ውጭ ነበሩ፣ አረንጓዴውን እንዳነሡ።